ማይክሮዶን ሚርሚኬ

ማይክሮዶን ሚርሚኬ በአውሮፓ የሚኖር የዝንብ ዝርያ ነው። የሚመደበው የአበባ ዝንቦች በሚባሉት አስተኔ (ሲርፊዴ) ውስጥ ነው። የዝንቡ እጭ በጉንዳን ጎጆ ውስጥ ይኖራል፤ የጉንዳኖቹን እንቁላልና ትንንሽ እጮች እየበላ ያድጋል። ዝርያው ለሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ለ244 ዓመታት ማይክሮዶን ሙታቢሊስ ከሚባለው ዝርያ ጋር እንደ አንድ ይቆጠር ነበር።

ሁለቱ ዝንቦች ክንፍ ካወጡ በኋላ በመልካቸው አይለዩም ለማለት ይቻላል። ልዩነታቸው የታወቀው ክንፍ ከማውጣታቸው በፊት ባላቸው ቅርፅና እጮቻቸው በሚኖሩበት የጉንዳን ዓይነት ነው። ስለዚህ አዲስ ዝርያ የሚገኘው ሁልጊዜ ሰው ካልረገጠው ጫካ አይደለም። አንዳንዴ አዲሱ ዝርያ ለዘመናት በሙዚየም ሳጥን ውስጥ በመርፌ ተሰክቶ የኖረ፣ ነገር ግን በሌላ ዝርያ ስም ሲጠራ የቆየ ይሆናል።

ምደባ

ስፍን፦ እንስሳ
ክፍለስፍን፦ አርትሮፖዳ
መደብ፦ ሦስት አፅቄ
ክፍለመደብ፦ ዲፕቴራ (ባለሁለት ክንፎች)
አስተኔ፦ ሲርፊዴ (የአበባ ዝንቦች)
ንዑስ አስተኔ፦ ማይክሮዶንቲኔ
ወገን፦ ማይክሮዶን
ዝርያ፦ ማይክሮዶን ሚርሚኬ

የአበባ ዝንቦች በጠቅላላው

የአበባ ዝንቦች ከ6,000 በላይ የተገለጹ ዝርያዎች ያሉት ትልቅ አስተኔ ናቸው። ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉራት ይገኛሉ። በአየር ላይ ቀጥ ብለው በአንድ ቦታ ማንዣበብ መቻላቸው ከሚታወቁባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ብዙዎቹ በቢጫና በጥቁር መስመር ያጌጡ ስለሆኑ ንብ ወይም ተርብ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መንደፊያ የላቸውም። መልኩ የሚጠቅማቸው ወፎችና ሌሎች አዳኞች ተናዳፊ መስለዋቸው እንዲተዋቸው ነው።

የአበባ ዝንብን ከንብ ለመለየት ክንፉን መቁጠር ይበቃል። ንብና ተርብ ሁለት ጥንድ ክንፍ ሲኖራቸው ዝንብ ግን አንድ ጥንድ ብቻ አለው። በሁለተኛው ጥንድ ፈንታ ሲበር ሚዛኑን የሚጠብቁለት እንደ ትንሽ ከበሮ መምቻ ያሉ አካላት አሉት። የአበባ ዝንብን ከሌሎች ዝንቦች ለመለየት ደግሞ ባለሙያዎች የክንፉን ሥሮች ያያሉ። በአብዛኞቹ የአበባ ዝንቦች ክንፍ መካከል በሁለቱም ጫፍ ከሌሎቹ ሥሮች ጋር የማይያያዝ መስመር አለ። ይህም «ሐሰተኛ ሥር» ይባላል።

አዋቂዎቹ በአብዛኛው የአበባ ወለላና ብናኝ ስለሚበሉ ከንቦች ቀጥሎ ከዋናዎቹ የአበባ አራቢዎች ይቆጠራሉ። የእጮቹ ኑሮ ግን በጣም የተለያየ ነው። የአንዳንዶቹ እጭ በሰብል ላይ የሚወጣውን ክሽክሽ እየበላ ገበሬውን ይጠቅማል። የሌሎቹ በበሰበሰ ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ እንደ ጭራ በሚረዝም ቱቦም ከውሃው በላይ ያለውን አየር ይተነፍሳል። ሜሮዶን የሚባለው ወገን እጮች በመሬት ውስጥ ያለ የአበባ ሽንኩርት ይበላሉ። የማይክሮዶንቲኔ ንዑስ አስተኔ እጮች ደግሞ ኑሯቸው በጉንዳን ጎጆ እንደሆነ ይታወቃል።

የአበባ ዝንቦች ጥቅም በመጠንም ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በየዓመቱ እስከ 4 ቢሊዮን የሚደርሱ ስደተኛ የአበባ ዝንቦች በደቡብ ብሪታንያ ሰማይ ይሻገራሉ። በሌላ በኩል የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአውሮፓ ቀይ መዝገብ መሠረት በአውሮፓ ካሉት የአበባ ዝንብ ዝርያዎች 37 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባቸዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ የሚዘጋጀው በዝርያ እየተቆጠረ ነው። ያልተሰየመ ዝርያ በአብዛኛው በመዝገቡ ውስጥ አይገባም።

የማይክሮዶን ኑሮ

ማይክሮዶን የሚለውን የወገን ስም እ.ኤ.አ. በ1803 ያወጣው ጀርመናዊው የዝንብ ሊቅ ዮሐን ቪልሄልም ማይገን ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ትንሽ ጥርስ» ማለት ነው። አዋቂው ዝንብ ጠቆር ያለና ፀጉራም ሆኖ ንብ ይመስላል። አንቴናው ከአብዛኞቹ የአበባ ዝንቦች አንቴና ይረዝማል። የአበባ ዝንብ ተብሎ ቢመደብም አበባ ላይ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። አዋቂ ሆኖ የሚኖረው ለአጭር ጊዜ ሲሆን ካደገበት የጉንዳን ጎጆ ብዙ አይርቅም።

ሴቷ እንቁላሏን በጉንዳን ጎጆ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ወደ ውስጥ ገብቶ ከጉንዳኖቹ መካከል ይኖራል። ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ከላይ ጉብ ያለ፣ ለሁለት የተከፈለ ኳስ የመሰለ ነው። እግር የለውም፤ ራሱም ከሥሩ ተሸሽጎ አይታይም። ቀስ እያለ በጎጆው ክፍሎች እየተሳበ የጉንዳኖቹን እንቁላልና ትንንሽ እጮች ይበላል። ጎጇቸውን ከጠላት አጥብቀው የሚጠብቁት ሠራተኛ ጉንዳኖች ይህን እንግዳ አይነኩትም። ከአንዲት እናት ከተወለዱ እጮች መካከል አንዳንዶቹ በ1 ዓመት፣ ሌሎቹ በ2 ዓመት ያድጋሉ። እጩ ሲጠግብና ሲያድግ ወደ ጎጆው የላይኛ ክፍል ወጥቶ ፑፓ ይሆናል። ፑፓ እጩ በደረቀ ቅርፊት ውስጥ ሆኖ ወደ ዝንብነት የሚለወጥበት ደረጃ ነው።

የእጩ መልክ ከነፍሳት እጅግ የራቀ በመሆኑ ሊቃውንትን ጭምር አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ፣ ወደ ብራዚል ባደረገው ጉዞ የሚታወቀው ጀርመናዊው ዮሐን ባፕቲስት ፎን ስፒክስ፣ ይህን እጭ ዛጎል የሌለው የቀንድ አውጣ ዓይነት መስሎት ስኩቴሊጄራ የሚል የወገን ስም ሰጠው። ኋላ ግን ከዚያ «ቀንድ አውጣ» ዝንብ ሲወጣ ታየ። በዚህ ስሕተት የአንድ እንስሳ እጭና አዋቂ በሁለት ክፍለስፍኖች ተመድበው ነበር። በ2002 የተፈታው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዚያ ሁለት እንስሳት አንድ ተብለው ኖረዋል።

አንዱ ዝርያ ሁለት ሆኖ መገኘቱ

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው «ሲስቴማ ናቱሬ» አሥረኛ እትም ሙስካ ሙታቢሊስ የሚል ዝንብ መዘገበ። ሊኔየስ ብዙ ዝንቦችን የመደበው ሙስካ በሚባል አንድ ወገን ውስጥ ነበር። ወገኑ በኋላ ሲከፋፈል ይህ ዝንብ ማይክሮዶን ሙታቢሊስ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የተጻፉ መጻሕፍት እጩ በተለያዩ የጉንዳን ወገኖች ጎጆ እንደሚገኝ ይገልጹ ነበር። ይህም ዝንቡ ብርቅ ቢሆንም አስተናጋጁን የማይመርጥ ተደርጎ እንዲታሰብ አደረገ።

ይህን ግምት ያናጋው የግሬም ኤልምስ፣ የጄረሚ ቶማስ፣ የካርስተን ሾንሮጌና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሙከራ የማይክሮዶን ሙታቢሊስን እንቁላሎች ለተለያዩ የጉንዳን መንጋዎች ሰጡ። እናቲቱ ካደገችበት ጎጆ ለመጡ ጉንዳኖች የተሰጡት እንቁላሎች በደህና ቆዩ። ጉንዳኖቹ የመጡበት ጎጆ እየራቀ በሄደ ቁጥር ግን የሚተርፈው እንቁላል እየቀነሰ ሄደ። ጉንዳኖቹ የዚያው ዝርያ ቢሆኑም ከሩቅ ቦታ የመጡ ከሆነ እንቁላሉን እንደ ባዕድ ያዩታል። ይህ ዝንብ አስተናጋጁን የማይመርጥ ሳይሆን ለአካባቢው ጉንዳን በጥብቅ የተስማማ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ መነሳቱ የግድ ነበር። በአንድ የጉንዳን ዝርያ ውስጥ እንኳ ከቦታ ወደ ቦታ መሸጋገር የሚቸግረው ዝንብ እንዴት በሁለት የተለያዩ የጉንዳን ወገኖች ሊኖር ይችላል? በብሪታንያና በአየርላንድ ከሚታወቁት ሥፍራዎች በአንዳንዶቹ እጮቹ የሚገኙት ፎርሚካ ሌማኒ በሚባል ጉንዳን ጎጆ ነበር። ይህ ጉንዳን በድንጋይ ሥር ጎጆውን መሥራት ይወዳል። በሌሎቹ ሥፍራዎች ደግሞ እጮቹ የሚገኙት ሚርሚካ ስካብሪኖዲስ በሚባለው ጉንዳን ጎጆ ነበር። ይህኛው እንደ ስፖንጅ ውሃ በሚይዙ ዕፅዋት በተሸፈነ ረግረግ ላይ ጭምር ይኖራል።

ተመራማሪዎቹ ከሁለቱም ዓይነት ጎጆ የተገኙትን ዝንቦች አነጻጸሩ። አዋቂዎቹ አልተለዩም። ፑፓዎቹ ግን ተለዩ። በፑፓው የፊት ክፍል ሁለት ትንንሽ የመተንፈሻ ቀንዶች አሉ። የእነዚህ ቀንዶች ቅርፅና የርዝመታቸው ከስፋታቸው ጋር ያለው ምጥጥን በፎርሚካ ጎጆ ያደጉትንና በሚርሚካ ጎጆ ያደጉትን ለይቶ አሳየ። ከአስተናጋጁ ልዩነት ጋር ሲደመር ይህ ሁለት ዝርያዎች ለመኖራቸው ማስረጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 በለንደኑ የሊኔየስ ማኅበር የሥነ ሕይወት መጽሔት በወጣው ጽሑፍ የፎርሚካው ዝንብ የቀድሞውን ስም ይዞ ቀረ፤ የሚርሚካው ደግሞ ማይክሮዶን ሚርሚኬ ተባለ።

በመልክ የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን እርስ በርስ የማይዋለዱ እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ስውር ዝርያዎች ይባላሉ።

አዲስ ዝርያ እንዴት ይገለጻል

በሥነ ምደባ ቋንቋ ዝርያን «ማግኘት» እና ዝርያን «መግለጽ» የተለያዩ ናቸው። አንድ ሰው ማንም ያላየውን ዝንብ ሊይዝ ይችላል። ዝርያው ለሳይንስ የሚታወቀው ግን በደንቡ መሠረት ተጽፎ ሲታተም ነው። ደንቡ የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ ይባላል። አሁን የሚሠራበት አራተኛው እትም የጸናው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2000 ጀምሮ ነው። ሥራው በአብዛኛው በሚከተሉት ደረጃዎች ያልፋል።

መሰብሰብ፦ ዝንቦች በመረብ ይያዛሉ፣ ወይም ስዊድናዊው ሬኔ ማሌዝ በ1930ዎቹ በፈለሰፈው ድንኳን መሰል ወጥመድ ይሰበሰባሉ። እንደ ማይክሮዶን ላሉት ግን የተሻለው መንገድ እጩን ወይም ፑፓውን ከጎጆው አንስቶ ዝንቡ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። እያንዳንዱ ናሙና ቦታውን፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም የያዘ ትንሽ ወረቀት ይታሰርበታል። ይህ ወረቀት የሌለው ናሙና ለሥነ ምደባ ያለው ዋጋ አነስተኛ ነው።

ማነጻጸር፦ ረጅሙና አድካሚው ሥራ ይህ ነው። አንድ ዝንብ አዲስ ነው ለማለት ከዚህ በፊት ከተሰየሙት ዘመዶቹ ሁሉ የተለየ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። ለዚህም የድሮ ጽሑፎች ይነበባሉ፤ በየሙዚየሙ የተቀመጡ ጥንታዊ ናሙናዎችም ይታያሉ። ተመራማሪው የፊቱን ቅርፅ፣ የፀጉሩን ቀለም፣ የክንፉን ሥሮችና የእግሩን አሠራር ይመዘግባል። በአበባ ዝንቦች ብዙ ጊዜ ወሳኙ የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርፅ ነው፤ ይህም በማይክሮስኮፕ ይታያል።

የዘር ምርመራ፦ በካናዳው የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ፖል ሄበርት እ.ኤ.አ. በ2003 አንዲት አጭር የዲኤንኤ ክፍል እንደ ዕቃ መለያ ኮድ እንድታገለግል ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ይህች ክፍል በብዙ አዳዲስ መግለጫዎች ውስጥ ትገባለች። ስውር ዝርያዎችን ለመጠርጠር በጣም ትረዳለች። ሆኖም ግልጽ ልዩነት ያላቸው ሁለት ዝርያዎች አንድ ዓይነት ኮድ የሚይዙበት ጊዜ ስላለ ብቻዋን አትበቃም።

ስም መስጠት፦ ስሙ ክሌስም ስያሜ ነው፤ ይኸውም በላቲን ፊደል የተጻፉ ሁለት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው ነው። የዝርያው ቃል ከቦታ፣ ከመልክ፣ ከአስተናጋጅ ወይም ከሰው ስም ሊወጣ ይችላል። ለምሳሌ አሜሪካዊው ክሪስ ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ከኮስታ ሪካ ደመናማ ደጋ ደኖች የገለጸውን የአበባ ዝንብ በቢል ጌትስ ስም ኤሪስታሊስ ጌትሲ ብሎታል። ሚርሚኬ የሚለው ቃል ደግሞ «የሚርሚካ» ማለት ነው፤ ዝንቡን ከሚያስተናግደው ጉንዳን ስም ተወስዷል።

የስም መሠረት ናሙና መምረጥ፦ ከናሙናዎቹ አንዱ ሆሎታይፕ ተብሎ ይመረጣል። ስሙ ለዘለቄታው ከዚህ ናሙና ጋር የታሰረ ነው። ወደፊት ክርክር ቢነሳ «ይህ ስም የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚፈታው ሆሎታይፑን በማየት ነው። ስለዚህ ሆሎታይፕ ማንኛውም ተመራማሪ ሊያየው በሚችልበት ተቋም መቀመጥ አለበት። ከእርሱ ጋር የተጠኑት ሌሎች ናሙናዎች ፓራታይፕ ይባላሉ።

ማሳተም፦ መግለጫው ዝርያውን ከሌሎች የሚለዩትን ምልክቶች በቃላት ማስቀመጥና ስሙ አዲስ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ጽሑፍም ዙባንክ በሚባለው መዝገብ እስከተመዘገበ ድረስ ተቀባይነት አለው። አንድ ዝርያ በስሕተት ሁለት ጊዜ ከተሰየመ የቀደመው ስም ይጸናል። የቅድሚያው ቆጠራ የሚጀምረው ከሊኔየስ የ1758 መጽሐፍ ነው።

መግለጫ ከታተመ በኋላም ጉዳዩ አይዘጋም። እያንዳንዱ ዝርያ «ይህ ከሌሎቹ የተለየ ነው» የሚል ሊፈተን የሚችል አቋም ነው። ኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ልዩነቱ በቂ አለመሆኑን ካሳየ ስሙ ይሰረዛል፤ ወይም እንደ ማይክሮዶን ሙታቢሊስ አንዱ ለሁለት ይከፈላል።

ለጥበቃ ያለው ትርጉም

የ2002ቱ ጽሑፍ ርዕስ ራሱ ብርቅ ዝርያዎች እንዴት ለመጥፋት አደጋ እንደሚጋለጡ የሚያነሳ ነበር። ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ አገር አንድ ብርቅ ዝንብ በ20 ሥፍራዎች ይኖራል ተብሎ ይታመን እንበል። ዝንቡ ሁለት ዝርያ ሆኖ ሲገኝ አንዱ 12፣ ሌላው 8 ሥፍራ ብቻ ይኖረዋል። በሜዳው ላይ አንድም ዝንብ ሳይሞት ሁለቱም ከቀድሞው ግምት የበለጠ ብርቅ ሆኑ ማለት ነው። አንዱ ቢጠፋ በሌላው ሊተካ አይችልም።

የሚያስፈልጋቸው ጥበቃም አንድ አይደለም። ድንጋያማውን ደረቅ መሬት መጠበቅ ለማይክሮዶን ሙታቢሊስ ይጠቅማል፤ ማይክሮዶን ሚርሚኬን ግን አያድነውም። ረግረጉ በቦይ ከደረቀ ሚርሚካው ጉንዳን ይጎዳል፤ ከእርሱም ጋር ዝንቡ ይጎዳል። እንቁላሎቹ ከሩቅ ጎጆ ጉንዳኖች ጋር መቆየት የሚቸግራቸው መሆኑ ሲታከልበት ከሌላ ቦታ ዝንብ አምጥቶ መተካትም ቀላል እንደማይሆን መገመት አያዳግትም።

እንዲህ ያለ ዕውቀት ዘግይቶ ሲመጣ ምን እንደሚከተል ብሪታንያ ቀድማ አይታለች። ማኩሊኔያ አሪዮን የሚባለው ትልቅ ሰማያዊ ቢራቢሮም አባጨጓሬው የሚያድገው በሚርሚካ ጉንዳኖች ጎጆ ነው። ለረጅም ጊዜ ማንኛውም የሚርሚካ ዝርያ ይበቃዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የቢራቢሮው ሥፍራዎች ታጥረው ሲጠበቁም ቁጥሩ መውረዱን አላቆመም። ጄረሚ ቶማስ ባደረገው ጥናት ቢራቢሮው በእርግጥ የሚያስፈልገው ሚርሚካ ሳቡሌቲ የተባለው አንዱ ዝርያ እንደሆነ ታወቀ። ይህ ጉንዳን ደግሞ በከብት የተጋጠ አጭርና ሞቃት ሣር ይፈልጋል። ግጦሽ ሲቆም ሣሩ ረዘመ፤ አፈሩ ቀዘቀዘ፤ ጉንዳኑም ጠፋ። ዕውቀቱ በተሟላበት ጊዜ ቢራቢሮው በቁጥር እጅግ አንሶ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1979 ከብሪታንያ ጠፋ። በ1980ዎቹ ከስዊድን በመጡ ቢራቢሮዎች፣ ሣሩን ለጉንዳኑ በሚስማማ መንገድ በማስጋጥ እንደገና እንዲኖር ተደረገ። ማይክሮዶን ሚርሚኬ ዕድለኛ የሆነው ዝንቡ ሳይጠፋ ስሙ በመድረሱ ነው።

የመለየት ችግር

የማይክሮዶን ሚርሚኬ መገለጽ የድሮ መዝገቦችን ችግር ውስጥ ጥሏል። ከ2002 በፊት «ማይክሮዶን ሙታቢሊስ» ተብሎ የተመዘገበ ዝንብ ከሁለቱ የትኛውም ሊሆን ይችላል። በሙዚየም የተሰካ አዋቂ ዝንብ ያደገበት የፑፓ ቅርፊት ከጎኑ ከሌለ በእርግጠኝነት ለመሰየም ያስቸግራል። በዚህ የተነሳ በሜዳ ላይ የታየ አዋቂ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በሁለቱ የጋራ ስም ነው። እርግጠኛ መረጃ የሚባለው በታወቀ የጉንዳን ጎጆ ውስጥ የተገኘ እጭ ወይም ፑፓ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ለማንኛውም ነፍሳት ሰብሳቢ ይሆናል። ነፍሳት ከእጭ ተነስቶ ሲያድግ ባዶው የፑፓ ቅርፊት አይጣልም። ከአዋቂው ጋር በአንድ መርፌ ይቀመጣል፤ አስተናጋጁ ጉንዳን ወይም የበላው ተክልም ይመዘገባል። ዛሬ ትርፍ የሚመስለው ቅርፊት ነገ ሁለት ዝርያዎችን የሚለይ ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

በሌሎች አካባቢዎች

ተመሳሳይ ግኝቶች በሌሎች የአበባ ዝንብ ወገኖችም አሉ። በሰርቢያ የኖቪ ሳድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ አንቴ ቩዪችና የሥራ ጓዶቹ ሜሮዶን በሚባለው ወገን ውስጥ ብዙ አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጸዋል። ዓይን የማይለያቸውን ዝርያዎች ለመለየት የክንፍ ሥሮች የሚገናኙባቸውን ነጥቦች በኮምፒዩተር እየለኩ ከዲኤንኤ ውጤት ጋር ያነጻጽራሉ።

የማይክሮዶንቲኔ ንዑስ አስተኔ ትልቁ ብዛት ያለው ግን በሞቃታማው የዓለም ክፍል፣ በተለይም በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሜኖ ሬመርና ጉኒላ ስቶልስ ባወጡት ክለሳ በዓለም ዙሪያ ከ450 በላይ ዝርያዎች ተዘርዝረዋል። የብዙዎቹ እጭ እስካሁን አልታወቀም። ሁለቱ የአውሮፓ ዝርያዎች የተለዩት ደግሞ በአዋቂዎቹ ሳይሆን በፑፓዎቹና በአስተናጋጆቻቸው መሆኑ መታወስ አለበት።

የአፍሪካን የአበባ ዝንቦች የሚያጠና ተማሪ ከሚያገኛቸው መሠረታዊ ሥራዎች አንዱ ጣሊያናዊው ማርዮ ቤዚ እ.ኤ.አ. በ1915 ያሳተመው «የኢትዮጵያ ክልል ሲርፊዴ» ነው። በርዕሱ ውስጥ ያለው «የኢትዮጵያ ክልል» ግን አገሪቱን ብቻ አያመለክትም። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ስክሌተር እ.ኤ.አ. በ1858 ዓለምን በእንስሳት ሥርጭት ሲከፍል ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ የሰየመበት አጠራር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ አፍሮትሮፒካል የሚለው ስም ተተክቶበታል። በዚህ ሰፊ ክልል እስካሁን የተገለጹት የአበባ ዝንብ ዝርያዎች 600 ገደማ ናቸው። በአንጻሩ ከዚህ እጅግ በሚያንሰው አውሮፓ ለቀይ መዝገቡ የተገመገሙት 890 ናቸው። አውሮፓ ለረጅም ዘመን በብዙ ሰው የተጠናች መሆኗ ለዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት ነው። በተጠናችው አውሮፓ እንኳ አንድ ዝንብ ለ244 ዓመታት በሌላው ስም ከኖረ፣ ብዙ ባልተጠኑት አካባቢዎች መግለጫቸውን የሚጠብቁ ዝርያዎች ጥቂት እንደማይሆኑ ይታመናል።